በክረምትና በበዓል ሆድ ሲብስ የቱ ይሻላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ሐምሌ ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ የደሴ ሰው ወሬው ብርድና ጭቃ ነው። ሌላው ነገር ብዙም አይወራም። ከአልጋ መነሳት ይከብዳል። ስልክ ይጠራል፣ ማንሳት ያስጠላል። "ምን ሆነሃል?" ሲባል "ምንም፤ እንዲሁ ደብሮኝ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ጳጉሜን አልፋ እንቁጣጣሽ ስትመጣ ደግሞ የባሰ አለ። አገሩ ሁሉ ሲደሰት የራስ መከፋት ያሳፍራል። ከዚያ መስቀልና ግሸን፣ ቆይቶም ገናና ጥምቀት ይከተላሉ። መውሊድም በእነዚህ ዓመታት ወደ አዲስ ዓመት ተጠግቶ ነው የሚውለው። አንዱ በዓሉን በጉጉት ይጠብቃል፣ አንዱ በኪሱ ምክንያት ይፈራዋል፣ አንዱ ደግሞ "ምነው ባለፈልኝ" ይላል።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። "አገር ቤት ሂድና ፈታ በል።" "ጸበል ግባ።" "ዱዓ አስደርግ።" "ስፖርት ሥራ።" "ትንሽ ቃም አድርግ፣ ይለቅሃል።" "ሐኪም ጋ ሂድ።" ችግሩ ሁሉም ለሁሉም ሰው አለመሆኑ ነው። እዚህ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያያለሁ። የማደላለትንም አልደብቅም።

መጀመሪያ፣ ያስከፋችሁ ምንድን ነው?

ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብርዱና ዝናቡ ቤት ዘግቶባችሁ የመጣ መደበር አለ። ሰው ማጣት አለ፤ በተለይ ከቤተሰቡ ርቆ ለሚሠራና ለሚማር። ገንዘብ አለ። ሐዘን አለ። ፀሐይ ወጣች አልወጣች፣ በዓል መጣ ሄደ የማይለቅ ሕመምም አለ። ለብቸኝነት የሚሆነው ለሐዘን ላይሆን ይችላል። ገንዘብ ያስጨነቀውን ሰው "ውጣና ተዝናና" ማለት ደግሞ ጭንቀቱን መጨመር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድካም ሁሉ የመንፈስ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የወባ ሰሞን ነው። ቁርጥማት፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ካለ መጀመሪያ ደም መመርመር ነው። የደም ማነስም ሰውን ያደክማል፣ ያነጫንጫል። ስንቱ ብረት ጎድሎት "ምን ዓይነት ሰነፍ ሆንኩ" እያለ ራሱን ይወቅሳል።

ቤት መዋል፣ መውጣት ወይስ ኮምቦልቻ መውረድ?

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ክረምት ድብርት ሲያወሩ የእነሱ ነገር ሌላ ነው። ስቶክሆልም ላይ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰው በጨለማ ወደ ሥራ ሄዶ በጨለማ ይመለሳል። ለዚህ ነው እዚያ ሐኪሞች 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚያበራ ልዩ መብራት ፊት ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል መቀመጥን የሚያዝዙት። ደሴ ላይ ግን በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ነው። የእኛ ቀን አላጠረም። እኛ ነን ቤት ውስጥ የምንውለው።

ቤት ውስጥ ስንል ደግሞ የት እንደሆነ እናውቃለን። ብርዱን ፍራቻ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ አንድ አምፖል ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ክፍል ብርሃኑ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። ውጭው ጉም ቢሆን እንኳ፣ ሰማዩ ዳመና ቢለብስ፣ በቀን ብዙ ሺህ ሉክስ አለ። ስለዚህ ያንን መብራት ከውጭ አስመጣለሁ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ጃንጥላ ይበቃል። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብትራመዱ ሰውነት ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፤ ማታ እንቅልፉም በጊዜው ይመጣል።

እዚህ ላይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ልዩነት አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ጃኬቱ ይወልቃል። ነሐሴ ላይ ደሴ ጉም ውስጥ ሆና ታች ፀሐይ የሚወጣበት ቀን አለ። ስለዚህ የደሴ ሰው እሑድ ወርዶ ምሳ በልቶ፣ ፀሐይ ሞቆ ቢመለስ ክፋት የለውም። እኔ ግን ይሄንን ከየቀኑ የጠዋት እርምጃ አላስበልጥም። አንደኛ ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለተኛ በሳምንት አንዴ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የማያባራበት፣ እሑድም ገና ሩቅ የሆነበት ቀን።

ለመራመድ ጦሳ ልውጣ ወይስ በአስፋልቱ? በክረምት አስፋልቱ። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ፣ ወይ በየሰፈራችሁ ባለው የጥርብ ድንጋይ መንገድ። ጦሳ በሐምሌና በነሐሴ ያንሸራትታል፤ እግሩን የሰበረ ሰው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ውጡት፤ ከላይ ሆኖ ከተማዋን ማየት የራሱ ደስታ አለው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ።

ጂም ከእግር ጉዞ ይሻላል ወይ ለሚል፣ ለመንፈስ ሲባል ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ልብን ትንሽ ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ከተገኘ ይበቃል። የወር ከፍለው ሦስት ቀን ሄደው ከሚቀሩበት ጂም፣ ጎረቤት አስከትሎ መራመድ ይበልጣል። ሰው ከጠበቃችሁ አትቀሩም።

ቡና፣ ጫት ወይስ መጠጥ?

የወሎ ሰው ሲከፋው ወደ ሰው ነው የሚሄደው። ጥያቄው ሰው የሚገኘው ምን ዙሪያ ነው የሚለው ነው።

ቡናውን ላስቀድም፤ በቂ ምክንያት አለኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ወጪው ቀላል ነው፤ ጎረቤት በተራ ያፈላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። እዚያ ማንም "ስሜትህን ንገረን" ብሎ አያፋጥጥም። ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ፈንዲሻ እየቆረጠሙ የሰው ወሬ መስማት ይቻላል። ከቀራችሁ ደግሞ ልጅ ይላካል። "እትዬ፣ ቡና ደርሷል፣ ኑ ይሏችኋል።" ሁለት ቀን ከቀራችሁ ባለቡናዋ ራሷ ትመጣለች። አንዲት የሰፈራችን እናት ተከፍታ ቤቷን ዘግታ የተኛች ጎረቤቷን እንዴት እንዳስነሳቻት አይቻለሁ። ምንም አልመከረቻትም። ጀበናዋን፣ ረከቦቷን፣ ከሰሏን ተሸክማ እሷ ቤት ገባችና "ዛሬ የኔ ቤት ያፈሳል፣ እዚህ ነው የማፈላው" አለቻት። ቤቷ አያፈስም ነበር።

ቡና ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ምስጢር አይቋጥርም። የትዳር ችግር፣ የዕዳ ጉዳይ፣ ከባድ ሐሳብ ቡና ላይ ከተነሳ በማግስቱ ሰፈሩ ያውቀዋል። ሌላው እንቅልፍ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ አቦል ጠጥቶ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጣሪያ የሚያይ ሰው መፍትሔው ቅርብ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይጠጣ። ልቡ ቶሎ የሚመታ፣ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ አቦሉን ያሳልፍና በረካውን ይቅመስ። ጨዋታው አይቀርበትም።

ጫት ላይ ስመጣ ጠንቀቅ ማለት አለብኝ። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ለወዳጃ ተሰብስበው፣ ዱዓ እያደረጉ፣ ቡናው እየተፈላ፣ የታመመውን የተጨነቀውን በስሙ ጠርተው ሲለምኑለት ማየት የኖረ ነገር ነው። ሰው እንዲህ ተከቦ ሲለመንለት ይጽናናል። ያንን ከዕለት ቅምጫ ጋር አልደባልቀውም። የማወራው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ድብርት ለማባረር ስለሚቃመው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ቅመም አእምሮን ያነቃል። ለጥቂት ሰዓት ሐሳብ ይፈጥናል፣ ወሬ ይጥማል፣ ዕቅድ ይበዛል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ከመነሻው የባሰ ጭፍግግ ይላል። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። በማግስቱ ያንን ለማስወገድ እንደገና ይቃማል። አንዳንዱ ደግሞ ለመተኛት ብሎ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ፣ ይጨምርበታል። በክረምት ደብሮት የጀመረ ሰው ጥቅምት ላይ የሚያስደብረው ክረምቱ ይሁን ጫቱ መለየት ያቅተዋል።

መጠጥ ላይ ብዙ አልቆይም። አልኮል ሲጠጡት የሚያስቅ ቢሆንም አእምሮን የሚያዳክም ነገር ነው። ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ይቀሰቅሳል። በዓል ላይ በሰው መሀል አንድ ጣሳ ጠላ ሌላ ነው፤ ለብቻ ቤት ዘግቶ አረቄ ሌላ ነው። ከሦስቱ ለማስቀረት ቀላሉም ቶሎ ለውጥ የሚታይበትም ብቻን መጠጣት ነው። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጫትም ሆነ መጠጥ ካለ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ሊቆጣ ሳይሆን መድኃኒቱን ሊያስተካክል ነው።

በዓሉን የት ይዋል?

ይሄ ጥያቄ የሚከብደው ከቤተሰቡ ርቆ ላለ ሰው ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎች ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉት ግቢዎቹ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች አሉት። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ተፈናቅሎ መጥቶ የቀረው አለ። ፈቃዱ አጭር ነው። የዋዜማ ትራንስፖርት ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ ታሪፉ ይጨምራል።

አገር ቤት መሄድ የሚሻለው ናፍቆታችሁ የሰው ሲሆን ነው። እናት በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ወንድም እህት ሲሰበሰብ። ነገር ግን ቤተሰብ ሁሉ አያሳርፍም። "መቼ ነው የምታገቢው?" "እከሌ ቤት ሠራ፣ አንተስ?" የሚባልበት ቤት አለ። ከዚያ ቤት አለመሄድ አይቻል ይሆናል፤ ማሳጠር ግን ይቻላል። ሁለት ቀን አድሮ፣ ሳይቀያየሙ፣ "ሥራ ጠርቶኝ ነው" ብሎ መመለስ ሳምንት ሙሉ ጥርስ ነክሶ ከመቀመጥ ይሻላል። ሌላ መንገድም አለ። የእንኳን አደረሳችሁ ጥየቃ እስከ መስቀል ድረስ ይዘልቃል። ዋዜማ ላይ ከመጋፋት፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ መንገዱ ሲቀል መሄድ ይቻላል። እናት በቀኑ ባትመጡ ታዝን ይሆናል፤ ቀኑን ቀድማ ካወቀች ግን ትጠብቃለች። የሚያሳዝናት "ምናልባት እመጣለሁ" ተብላ መቅረታችሁ ነው።

መቅረት ግድ ከሆነ ሁለት ዓይነት መቅረት አለ። አንደኛው ለብቻ ነው። በር ዘግቶ፣ ስልክ ላይ ተጥዶ፣ የሰው የበዓል ፎቶ እያዩ መዋል። ይሄን ለማንም አልመርጥለትም። የሰው ፎቶ ላይ የሚታየው ዶሮ ወጡና አዲሱ ቀሚሱ ነው፤ ከፎቶው በፊት የነበረው ጭቅጭቅ አይታይም።

ሁለተኛው ከሌሎች ቀሪዎች ጋር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የማውቀው የኪራይ ግቢ አለ፤ አብዛኞቹ ተከራዮች የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ናቸው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አዋጥተው አንድ ዶሮ ገዙ። አንዷ ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ አንዷ ታቁላላለች፣ ከሰሉን የምታራግብ አለች። አዲስ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። "ነይ ብይ" ብለው ቢጠሯት እንደማትመጣ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ እንቁላሎቹን አምጥተው ክፍሏ በር ላይ አስቀመጡላት። "አንቺ ልጪና በቢላ ጫር ጫር አድርጊያቸው፣ ወጡ ሊደርስ ነው፣ ቶሎ በይ።" እንቁላሉን ይዛ ወጣች። ማታ ስትስቅ ሰማኋት። ብቸኛ ሰው ልትጠሩ ስታስቡ ሥራ ስጡት። የተጋበዘ ሰው ሊያስቸግር የመጣ ይመስለዋል፤ ሥራ የያዘ ሰው ግን ካልመጣ ይጎድላል።

ሌላም ምርጫ አለ፤ ወሎ ስለሆንን። የጎረቤት በዓል። ክርስቲያኑ በመውሊድና በኢድ፣ ሙስሊሙ በእንቁጣጣሽና በገና ጎረቤቱ ቤት መግባቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሥጋው ነገር እንኳ ዘዴ አለው፤ ድግስ ሲሆን ለእንግዳው የራሱ ወገን ያርድለታል፣ ለብቻው ይሠራለታል፣ ቀለል ሲል ደግሞ ቡናውና ዳቦው ለሁሉም ይሆናል። የራሳችሁ በዓል የሚያስታውሳችሁ ነገር በዝቶ ከከበደባችሁ፣ የሰው በዓል ላይ እንግዳ መሆን ይቀላል። የምትሸከሙት ትዝታ የለበትም።

በግ፣ ቅርጫ ወይስ ዶሮ?

የምግብ ዝርዝር ልጽፍ አይደለም። በበዓል ሰሞን ባልና ሚስት የሚያጣላው፣ አባወራን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ስለሆነ ነው። መስከረም ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ይመጣል። ተበድሮ በግ የገዛ ሰው በዓሉን ሁለት ቀን ይበላና ጥቅምትን ሙሉ ይጨነቃል። ቅርጫ ከበግ ይሻላል፤ ወጪው ይከፈላል፣ ሥጋው ሲከፋፈል ወንዶቹ ተሰብስበው ያወራሉ። እሱም ከከበደ ዶሮ፣ እሱም ከከበደ ሽሮና ድፎ ዳቦ። እኔ የምመክረው ውሳኔው በነሐሴ መጀመሪያ ለልጆቹ ጭምር እንዲነገር ነው። "ዘንድሮ በግ የለም፣ አዲስ ጫማ ግን አለ" የተባለ ልጅ ይቀበላል። ዋዜማ ላይ አባቱ ፊቱን አጥቁሮ ሲገባ ያየ ልጅ ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ሐዘን ያለበት ቤት

ሰው ከሞተ በኋላ የመጀመሪያው በዓል ከባዱ ነው። ዘመድ ይህን ስለሚያውቅ ምግብ ይዞ ይመጣል፣ አብሮ ይውላል። ደግ ልማድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ማንም አይመጣም። ሐዘኑ ግን በዓመት ያበቃል የሚል ሕግ የለም።

ሦስት መንገድ አለ። እንደ ድሮው ማክበር፣ ጭራሽ መተው፣ ወይ ቀንሶ ማክበር። እንደ ድሮው ማክበር አንዳንዱን ያጽናናል፤ ብዙውን ግን ያስመስለዋል። ጭራሽ መተው ለአዋቂ ይቀል ይሆናል፤ ልጅ ያለበት ቤት ግን ልጁ ሁለት ነገር ያጣል፣ ሟቹንም በዓሉንም። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ቡናው ይፈላ፣ ዳቦው ይቆረስ፣ ልጆቹ ይልበሱ። የሟቹ ስም ይነሳ። "አባባ ቢኖር ይሄን ዳቦ ባርኮ ይቆርስ ነበር" ማለት ልጆቹን አይጎዳም። የሚጎዳቸው ስሙ ሲነሳ ሁሉም ዝም ማለቱ ነው።

በእኛ ከተሞች ሌላም አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማገባደጃ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹ ነፃ የወጡት በኅዳር መጨረሻ ነው። ብዙ ቤት ሰው አጥቷል፣ ንብረት ተዘርፏል፣ የሸሸው በእግሩ ሸሽቷል። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጡ ሳያስበው የሚረበሽ፣ ርችት ሲተኮስ የሚበረግግ፣ ያንን ሌሊት በሕልሙ የሚያይ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው "አሁንም አልረሳኸውም?" አትበሉት። ከዓመታት በኋላም ሕልሙና ድንጋጤው ካልለቀው ሕክምና አለው። ጊዜ ብቻውን ላይፈታው ይችላል።

ለማን ይነገር?

ለጓደኛ፣ ለሃይማኖት አባት፣ ለቅሬ (ለዕድር) ሽማግሌ ወይስ ለሐኪም? የሚያጣላ ጥያቄ አይደለም፤ ቦታ ቦታ አላቸው።

ጓደኛ ፈጣን ነው። በደወላችሁበት ይመጣል፣ "አብሽር" ይላል፣ አንዳንዴ ይሄው ይበቃል። ድክመቱ መፍትሔ ለመስጠት መቸኮሉ ነው። የነፍስ አባትና ሸህ ምስጢር ይጠብቃሉ፤ በደልና ጸጸት የከበደው ሰው ወደ እነሱ ቢሄድ ደግ ነው። ቅሬ ደግሞ ለቀብር ብቻ አይደለም። ቤቱ የተቸገረ፣ ባልና ሚስት የተጣሉበት፣ ልጅ የታመመበት ሰው ሽማግሌ ቢያማክር እርዳታ ይገኛል።

ሐኪም የሚቀድምበት ጊዜ ግን አለ። መከፋቱ ወይም ምንም ነገር አለማስደሰቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከቆየ። ከዚህ ጋር እንቅልፍ ከተበላሸ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ሥራ ካቃተ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት ከመጣ። ይህ የእምነት ማነስም የመንፈስ ድክመትም አይደለም፤ የሚታከም በሽታ ነው። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ብቻውን አይተው። መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ከቤት ይውጣ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙውን ጊዜ ያሳርፈዋል።

ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ቢጀምርም ያስኬዳል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ቢሄድ ወጪው ይቀልለታል። መጀመሪያ ቀን የሚሆነው ጥያቄ ነው። ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ምግብ እንዴት ነው፣ ትቅማለህ ወይ፣ ትጠጣለህ ወይ፣ በቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ ወይ። ሁሉም ሰው መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ በንግግር ብቻ የሚታከም አለ። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን ይህን ይወቅ፤ ለድብርት የሚሰጡት መድኃኒቶች በመጀመሪያው ቀን አይሠሩም። ለውጡ መታየት እስኪጀምር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ የሚጥል ብዙ ነው። ሲሻል ደግሞ "ድኛለሁ" ብሎ በራስ ማቋረጥ በሽታውን ይመልሰዋል፤ ማቆሙም ከሐኪም ጋር ነው።

ጸበልና መድኃኒት አንዱን ምረጡ የሚል ሰው ከገጠማችሁ አትስሙት። ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ዱዓውንም አስደርጉ፣ ክኒኑንም ዋጡ። ጾም ላይ ያላችሁ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ከስድስት ሳምንት በላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠዋቱን ክኒን እየዘለሉ መቆየት አይሆንም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ማታ ከምግብ ጋር ሊወሰዱ ስለሚችሉ ጥያቄው ቀላል ነው፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጸሎቱም ሆነ ጾሙ ከባድ ሆኖ ከተሰማችሁ ለነፍስ አባታችሁ በሽታችሁን ንገሩ። ለታመመ ሰው የሚያቀልሉለት እነሱ ናቸው።

ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ሰዎች የቀራችሁን ክኒን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ። በበዓል ሰሞን ፋርማሲው ይዘጋል፣ የቀጠሮ ቀናችሁም በዓል ላይ ሊውል ይችላል። ጳጉሜን ሳትገባ ሄዳችሁ የሚበቃችሁን አስሞሉ፤ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቱንም ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙት፣ የምትሄዱበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ቢያስፈልግ የመድኃኒቱን ስም የሚያነብበው ከእሱ ነው።